ፈቃድ አለኝ፣ ጀልባ አልነዳም

በጫሞ ሐይቅ ላይ ነፋስ የሚነሣው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ውኃው ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ረግቶ ይቆያል፤ ቀትር ካለፈ ግን ማዕበሉ የጀልባውን ጎን መደብደብ ይጀምራል። አርባ ምንጭ ውስጥ ይህን የማያውቅ ጀልባ ነጂ የለም። በተግባር ፈተናው ቀን እኔን መጨረሻ ላይ ያደረጉኝም ስለሚያውቁ ነው።

ፈተናው የመዝናኛ ሞተር ጀልባ የመንዳት ፈቃድ ለማውጣት ነበር። ከተፈታኞቹ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በዕድሜም ሁሉንም እበልጣቸው ነበር። እንደ ምዝገባችን ቢሆን በማለዳ እፈተን ነበር። የጀልባ ባለንብረቶች ማኅበር ሰብሳቢ ግን ወደ ፈታኙ ጠጋ ብሎ፣ «እሷ ትረፍ እንጂ ጌታዬ፤ ሴት አይደለችም እንዴ? ወንዶቹ ይቅደሙና ፀሐዩ ሲበርድላት ትነዳለች፤» አለው። ፈታኙ ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ነው፤ ደግነት መሰለው።

«ነፋሱስ?» አልኩ።

«ነፋስ አንቺን ምን ያደርግሻል፣ እትዬ? ማዕበል ሲመጣ መጽሐፍ ገልጠሽ ታነቢለታለሽ፤» አለ ሰብሳቢው። ዳርቻው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ።

መጽሐፍ ማለቱ ሥራዬን ነው። የምሠራው በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የተወለድኩት ገረሴ አካባቢ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት ግን አግብቼ ወደ ቆላው ከወረድኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። አማርኛን ከገበያ ይልቅ ከመጽሐፍ ስለተማርኩት፣ ስናገር አሁንም ወንድና ሴቱ አልፎ አልፎ ይምታታብኛል፤ ስጽፍ ግን አንዲት ነጥብ አላሳልፍም። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ሕመም አለበት፤ የተጻፈውን ሁሉ ያምናል። እኔም ደንብ ከተጻፈ ይሠራል፣ ፈተና ያለፈ ሰው አለፈ ማለት ነው ብዬ አምን ነበር።

ጀልባዋ የባሌና የእኔ ነበረች። እሱ ጎብኚዎችን አሳፍሮ አዞዎቹ ፀሐይ ወደሚሞቁበት ዳርቻ ይወስዳል፤ እኔ ደግሞ ቅዳሜ ማለዳ፣ ተሳፋሪ በሌለበት ቀን፣ አብሬው እወጣ ነበር። መጀመሪያ መቀመጫው ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ዙሪያዬን የማይ እንግዳ ነበርኩ። ቆይቶ መሪውን አስያዘኝ። ጉማሬ ከፊት ሲጠልቅ በየት በኩል ብቅ እንደሚል መገመት፣ ቤንዚንና ዘይት በልኩ ማደባለቅ፣ ማዕበልን በጎን ሳይሆን በአፍንጫ፣ ያውም ትንሽ ሰያፍ አድርጎ መቀበል፤ ይህን ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው። «ያንቺ እጅ ከእኔ ይለሰልሳል፤ ሞተሩ ይወድሻል፤» ይለኝ ነበር። እዚያ መሐል ሐይቅ ላይ ከእኔና ከወፎቹ በቀር የሚሰማው አልነበረም።

ከዚያ ግራ ጎኑን ያዘው። ሐኪሞቹ ደም ግፊት ነው አሉ። አንደበቱ ተመለሰ፣ እግሩም በከዘራ ተመለሰ፤ ግራ እጁ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀረ። የጀልባ ሞተር መሪ ደግሞ የሚያዘው በግራ እጅ ነው።

በማኅበሩ ደንብ አንድ ጀልባ ከወደቡ ተሳፋሪ የመጫን ተራ የሚኖረው ፈቃድ ያለው ባለቤቱ ወይም ፈቃድ ያለው የቤተሰብ አባል ሲነዳው ነው። ነጂ ሳያገኝ ዓመት ካለፈ ተራው ለሌላ ይሰጣል። ተራ ያጣ ጀልባ ጣውላ ነው። ልጅ የለንም። የባሌ ታናሽ ወንድም ፈቃድ አለው፤ በሰው ጀልባ ላይ እየተቀጠረ ይሠራል፤ ግን ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚል፣ ባሌ ራሱ «እሱ ወንዝ ነው፣ ይሄዳል እንጂ አይቆምም» የሚለው ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ «እኔ ፈቃዱን ላውጣ፤» አልኩት።

ባሌ ዳቦውን በቀኝ እጁ ይዞ ትንሽ አሰበ። «አውጪ፤» አለኝ። «ከወንድሜ አንቺ ትሻያለሽ።» ይህን ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የሥልጠናው ጽሑፍ ከሌላ ቋንቋ በጥድፊያ የተመለሰ ነበርና አንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ራስም እግርም የለውም። በአንድ ቦታ፣ አደጋ ሲያጋጥም የባሕር ኃይሉን ጥሩ ይላል። ጫሞ ላይ ምን የሚሉት የባሕር ኃይል? ስህተቱን በእርሳስ እያረምኩ አነበብኩት። አሠልጣኙ አየና፣ «መምህርት፣ ልትፈተኚ ነው ወይስ ልታርሚ የመጣሽው?» አለኝ። ለሁለቱም ነበር የመጣሁት። መዋኘት የምትችሉ እጃችሁን አውጡ ሲል ከጫኖ የመጣ አንድ ጎረምሳ፣ «እኛስ እንችል ነበር፣ አዞው አልፈቀደልንም እንጂ፤» አለና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ያን ሰሞን ደስተኛ ነበርኩ፤ ይህን አልክድም። የጽሑፉን ፈተና ከሁሉም በላይ ውጤት አምጥቼ አለፍኩ፤ የተግባሩ ቀረ።

ተራዬ ሲደርስ እንግዲህ ነፋሱ ተነሥቶ ነበር። ሰብሳቢው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ያየኛል። ለሰፊ ትከሻ የተሠራውን የሕይወት አድን ጃኬት በነጠላዬ ጠበቅ አድርጌ ደረቴ ላይ አሰርኩ። የሞተር ማጥፊያውን ገመድ የእጄ አንጓ ላይ አጠለቅሁ፤ ነጂው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩ ራሱ እንዲጠፋ የሚያደርግ ነው፤ ከወንዶቹ አንድም ያሰረው አልነበረም። ፈታኙ ከፊቴ ተቀመጠ። ወጣን።

ከዳርቻው ራቅ እንዳልን የአንድ ዓሣ አጥማጅ መረብ ውኃ ውስጥ ከሚሽከረከረው የሞተሩ ክንፍ ጋር ተጠመጠመ። ሞተሩ ጮኾ ታነቀ። ጀልባዋ ወዲያው ጎኗን ለማዕበል ሰጠች፤ ውኃው ዘሎ እግራችን ሥር ገባ። ፈታኙ ሁለቱን ጠርዞች ይዞ አመድ መሰለ።

«ይልቀቁና መቅዘፊያውን ይያዙልኝ፤» አልኩት።

«እኔ?»

«ሌላ ሰው የለም። አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ ያዙሩልኝ። በቀኝ ይቅዘፉ። በቀኝ አልኩዎት!»

ቀዘፈ። እኔ ሞተሩን አጋድሜ ወደ ኋላ ተደፋሁና መረቡን በያዝኩት ቢላ ቆራርጬ አወጣሁ። ያንን መረብ ያጣ ሰው ማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ እግዚአብሔር ይካሰው። የማስነሻውን ገመድ ስስበው ሞተሩ ቶሎ ተነሣ። በቀስታ፣ ማዕበሉን ሰያፍ እየተቀበልኩ ተመለስኩና ጀልባዋን ከመውረጃው ድንጋይ ጋር ሳላጋጭ አቆምኳት። ፈታኙ ከመውረዱ በፊት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ መዋኘት አልችልም፤ ለማንም እንዳትነግሪ፤» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማው፣ «አልፋለች፤» አለ።

«ዕድለኛ ሴት ናት፤» አለ ሰብሳቢው።

ካርዱ ሲደርሰኝ ለባሌ አሳየሁት። አገላብጦ አየው። «ፎቶው አንቺን አይመስልም፤» አለኝ። እኔም ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት። በዚያ ሳምንት ግን ከገበያም ከቤተ ክርስቲያንም ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጦ አየሁ። ኋላ እንደነገረኝ፣ ያገኘው ሰው ሁሉ ይቀልድበት ነበር። «ሚስትህ ሱሪ ገዛች አሉ፤ አንተስ ቀሚሱን መቼ ነው የምትለብሰው?» ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ስቆ ስቆ እቤት ሲገባ ዝም ይላል።

ሰኞ ጀልባዋን ይዤ ተራ ልገባ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ወንበሮቻችን በሙሉ ወጥተው ግማሽ ክብ ሠርተው ተደርድረዋል። ባሌ በአንድ እጁ አንድ በአንድ እየጎተተ ነበር ያወጣቸው፤ መሬቱ ላይ የእግራቸው ጭረት ይታያል። «እንግዳ አለ እንዴ?» አልኩት። «ማን ያውቃል፤» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሦስት ሽማግሌዎች በአጥሩ በር ገቡ። እርጥብ ሣር ይዘዋል። አንደኛው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ከአምልኮ በቀጥታ መምጣታቸው ነውና በአንድ እጃቸው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በሌላው ሣር ይዘዋል።

በእኛ በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ ጦር የሰበቀ ሰው እንኳ ይቆማል። ያንን ሣር ተራምዶ የሚያልፍ ሰው ጎሜ አለበት ይባላል፤ ነውሩ በእሱ ብቻ አይቀርም፣ በቤቱ፣ በከብቱ፣ በዘሩ ላይ ይወርዳል። የተቆጡ ጎረምሶች፣ እሳትና ዱላ ይዘው፣ በዚህ ሣር ፊት ሲቆሙና ሲመለሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚህ የከበረ ነገር የለንም ብዬ አምን ነበር። አሁንም አምናለሁ። የመረረኝም ለዚህ ነው።

አልተቀመጡም። የሁሉም ታላቅ የሆኑት፣ በደጋው ከአባቴ ጋር አብረው ያደጉ አዛውንት፣ ከዘራቸውን አስቀምጠው ጠጠሩ ላይ ተንበረከኩ። ሁለቱ ከኋላቸው ተከተሉ።

«ኧረ አባቴ፣ ይነሡ! ምን ሆናችሁ?» አልኩ።

«ልጄ፣ ጠብ አንወድም።»

«እኔ ከማን ጋር ተጣላሁ?»

«ጠቡ ገና አልተነሣም። ሳይነሣ ልናስቀረው ነው የመጣነው። ጀልባዋን ለዋርሳሽ፣ ለባልሽ ወንድም፣ ተይለት። እሱ ይንዳ፣ አንቺ ቤትሽን ያዢ፣ ማኅበሩም ሰላም ያገኛል።»

«ማን ላካችሁ?»

«ሰላም ነው የላከን፤» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ።

ማኅበሩ ነው ብዬ አስቤ ሰብሳቢውን በልቤ መርገም ጀምሬ ነበር። ከዚያ ወንበሮቹን አየሁ። እንግዳ መምጣቱን ሳያውቅ ወንበር የሚደረድር ሰው የለም። ወደ ባሌ ዞርኩ። እሱ ከዘራውን ጫፍ እያየ ነበር።

ሰው ሲናደድ ይጮኻል ይላሉ፤ እኔ ስናደድ ቃል እመርጣለሁ። «እሺ፤ እተዋለሁ፤» አልኳቸው። «አንድ ነገር ብቻ ይደረግልኝ። በዱቡሻው፣ ሰው በሚሰበሰብበት አደባባይ፣ እናንተው ቆማችሁ ተናገሩልኝ። ‹ፈተናውን አልፋለች፣ ፈቃድ አላት፣ መንዳት ትችላለች፤ ለምነናት ተወችልን› በሉልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

ተያዩ። በጋሞኛ ዝቅ አድርገው ተነጋገሩ፤ እኔ የማልሰማ ይመስል።

«ይህ አይሆንም፣ ልጄ፤» አሉ አዛውንቱ።

«ውሸት ሆኖ ነው?»

«አይደለም። እውነት ስለሆነ ነው የማይሆነው። ይህ በአደባባይ ከተነገረ ባልሽ በምን ዓይኑ ሰው ያያል?»

«እኔስ አባቴ? እኔ በምን ዓይኔ ልይ?»

«አንቺማ ሴት ነሽ፤ ትችይዋለሽ።»

በዚህ መሐል ጎረቤቶች አጥሩ ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ሣሩ በአዛውንቱ እጅ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ቁጣዬን ፈርተው መሰለኝ፤ ኋላ ዝቅ ብዬ ሳይ ጉልበታቸው ነው። ጠጠሩ ላይ መቆየት አልቻሉም፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ይዘውታል እንጂ ሕመሙ ፊታቸው ላይ ይታያል። እስካልመለስኩላቸው ድረስ አይነሡም፤ ወጉ እንደዚያ ነው። ክርክሩን ገና አልጨረስኩም ነበር። የምለው ብዙ ነበረኝ፤ አሳምሬ፣ በቅደም ተከተል፣ ማንም ሊመልሰው በማይችል መንገድ። ግን የአባቴን እኩያ ጠጠር ላይ አንበርክኬ ንግግር ላሳምር? ጎሜውን ፈርቼ አይደለም የተውኩት። ጉልበታቸውን አይቼ ነው።

ሣሩን ከእጃቸው ተቀበልኩ። ደግፌ አነሣኋቸው።

መረቁኝ። «ማሕፀንሽ ይባረክ» ብለው ጀመሩና፣ ልጅ እንደሌለኝ ትዝ ሲላቸው «ቤትሽ ይባረክ» ብለው አዞሩት። ባሌ ሽማግሌዎቹን እስከ በሩ ሸኘ። ጎረቤቶቼ በየተራ መጥተው ሳሙኝ። «ምን ያለሽ ብልህ ነሽ! አስተዋይ! እንዲህ ነው እንጂ የተማረ ሰው!» እስከዚያ ቀን ድረስ በተማርኩት አንድም ሰው አመስግኖኝ አያውቅም ነበር።

ሰዎቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ባሌን፣ «ለእኔ አትነግረኝም ነበር?» አልኩት።

«ብነግርሽ ትከራከሪኛለሽ።»

«አዎ።»

«አንቺን ተከራክሬ አሸንፌ አላውቅም፤» አለኝ። በፈገግታ ነበር ያለው፤ የሚያባብለኝ መስሎት።

ዋርሳዬ ጀልባዋን ያዘ። አላበላሻትም፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነው የነዳት። ባሌ ጠዋት ጠዋት በባጃጅ ወደ ዳርቻው ይወርድና ከባለጀልባዎቹ ጋር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ ከሰው እኩል ሆነ። እኔ ሥራዬን እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ቅዳሜ ማለዳ መውጣቱን ተውኩ። አንድ ጊዜ ብቻ የትምህርት ቤታችን መምህራን ለሽርሽር ሲወጡ አብሬ ሄጄ ዋርሳዬ በሚነዳት ጀልባ ላይ ተሳፋሪ ሆኜ ተቀመጥኩ። ከመምህራኑ አንዷ፣ «ውኃ አትፈሪም?» አለችኝ። ዋርሳዬ ከኋላ ሰምቶ፣ «እሷማ መንዳትም ትሞክር ነበር፤» አለ። ሳቁ፤ ክፋት አልነበረባቸውም፤ በማያውቁት ነገር ነው የሳቁት።

ዋርሳዬ እንደ ልማዱ ሄደ። ሌላ ከተማ የተሻለ ሥራ አግኝቷል አሉ፤ አንድ ማክሰኞ የሞተሩን መቆለፊያ ቁልፍ ለባሌ አስረክቦ መኪና ተሳፈረ። ጀልባዋ እንደገና ያለ ነጂ ቀረች፤ ማኅበሩም የደንቡን ጊዜ መቁጠር ጀመረ። ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ከዚያ አንድ ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለን ባሌ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መሐላችን ባለው በርጩማ ላይ አስቀመጠው።

«እንግዲህ ከነገ ጀምሮ አንቺ ውጪ፤» አለኝ።

ሰው በዚህ ቃል የሚደሰት ይመስላችኋል። ልቤ አንድ ጊዜ ዘለለ፤ ይህንንም አልክድም። ግን፣ «ሽማግሌዎቹስ?» አልኩት።

«ምን ሽማግሌዎች?»

«ሰው ፊት ሣሩን ተቀብዬ እተዋለሁ ብያለሁ። አሁን ብወጣ ቃሏን የበላች እኔ ነኝ። መጥተው ቃሌን ይመልሱልኝ። አንተ ላካቸው።»

«ምን ብዬ?»

«እውነቱን። ‹ያኔ የላክኋችሁ እኔ ነኝ፤ አሁን ትንዳ› ብለህ።»

ሐይቁ ወዳለበት አቅጣጫ አየ። ከበረንዳችን ሐይቁ አይታይም፤ የሙዝ ቅጠል ነው የሚታየው። «ሰው ይስቅብኛል፤» አለ።

«ይስቅብሃል፤» አልኩት።

ሽማግሌዎቹን አልላከም። እኔም አልወጣሁም። ወዳጆች ግትር ነሽ ይሉኛል፤ የጠፋው የጋራ እንጀራችሁ አይደለም ወይ ይላሉ። ልክ ናቸው። ዓመቱ ሲሞላ ተራችን ለሰብሳቢው የአክስት ልጅ ተላለፈ፤ ሞተሩን ሸጥን፣ ጀልባዋ ዳርቻው ላይ ተገልብጣ ቀረች። ምናልባት የተሻለች ሴት ቁልፉን አንሥታ ትወጣ ነበር። እኔ ግን ያንን ሣር የተቀበልኩት እንደ ቀልድ አልነበረም፤ እነሱ እንደ ቀልድ ቢያመጡትም።

በቅርቡ ምሳ ላይ ባሌ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ «ያ ካርድሽ ጊዜው አልፎ ይሆናል እኮ፤» አለኝ።

«አላለፈም። አሳድሼዋለሁ።»

«ለምን?»

«ፈተናውን ስላለፍኩ።»

ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ነበር፤ በአንድ እጅ እሾህ መልቀም አይሆንለትም። ስቤ ወሰድኩና አንድ በአንድ ለቀምኩለት።